ብርዱ ወይስ በሩ

በሆስፒታሉ ጥገና ክፍል ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ብሎን ነው የሚሏት። የጋዋኗ ኪስ ያለ ብሎን ውሎ ስለማያውቅ ስትራመድ ትንኳኳለች፤ ድምፅዋን ከኮሪደሩ ጫፍ ሰምቶ ቶሎ ብሎ ሥራ የሚይዝ ሰነፍ ሁሉ ለኪሷ ምስጋና አለበት።

በዚያ ቀን ጠዋት ግን ኪሷ ጭጭ ብሏል። ላፕቶፕ ፊት ተቀምጣ ምንም በማይታይበት ስክሪን ላይ አፍጥጣለች። ግራፉ አልወጣ አላት። ትእዛዙን ትጽፋለች፣ ታስገባለች፤ ኮምፒውተሩ ሁሉን የጨረሰ ይመስል ቀጣዩን ትእዛዝ ይጠብቃል። መስኮት የለ፣ ሥዕል የለ። እሺ እሺ እያለ ምንም የማይሠራ ሰው ታውቁ የለ? ቁርጥ እሱን።

ደግሞ ቀኑ የሚቀለድበት ቀን አይደለም። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ፤ ስብሰባው ደግሞ የሲስተር ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለጊዜው የተወለደ አንድ ልጅ የሚሞቅበት ኢንኩቤተር፣ ያ የመስታወት ሣጥን፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ማለዳ በርዶ ተገኘ። ልጁ ተርፏል፣ ፈጣሪ ይመስገን፤ አሁን እናቱ ታቅፋዋለች። ጥያቄው ማን አበረደው የሚለው ነው። ተረኛዋ ሲስተር «ሣጥኑ በረደ፣ ስለዚህ ልጁን አወጣሁት» አለች። አለቆቿ ደግሞ «ያለ ሐኪም ትእዛዝ ልጁን አወጣሽ፤ በሩን ከፍተሽ ስለተውሽው ሣጥኑ በረደ» አሏት። የሣጥኑ ጩኸት አይዳኝ ነገር፣ ሲበርድም ሲከፈትም የሚጮኸው አንድ ዓይነት ነው። ሣጥኑ ተፈተሸ፤ ደህና ነው ተባለ። ታዲያ ጭቅጭቁ በሙሉ ተጠቅልሎ አንድ ጥያቄ ሆነ፤ የቱ ቀደመ? ብርዱ ወይስ በሩ? ብርዱ ከቀደመ ሲስተር ልጅ አድናለች። በሩ ከቀደመ ከሥራዋ ትባረራለች፣ ጋዋን ዳግመኛ ላትለብስ።

ዋና ሐኪሙ እጅ ላይ አንድ የታተመ ግራፍ አለ። የሳምንቱ ሙቀት ሁሉ በአንዲት ወረቀት ላይ ታጭቆ፣ ቀጥ ብሎ ይመጣ ይመጣና በዚያ ማለዳ ቁልቁል ወርዶ ይመለሳል። ቁልቁለቱ ከአንድ የእስክሪብቶ ጭረት አይበልጥም። ብርዱም በሩም እዚያች ጭረት ውስጥ ተጣብቀው ተቀብረዋል። ወረቀቱን ያተመችው ብሎን ራሷ ናት፤ አትሚ ስለተባለች አተመች። ያንኑ ወረቀት አንሥተው «ይኸው፣ በሩ እንደተከፈተ እንዴት እንደወደቀ እዩት!» ሲሉ ስትሰማ ግን ተነሥታ ወደ ሣጥኑ ሄደች።

ሲስተርን ብዙ ሰው አይወዳትም፣ እውነት እንነጋገር። ምላሷ ከመርፌዋ ይብሳል። ለዚህም ነው ልከራከርላት፣ ልጠይቅላት የሚል ሰው የጠፋው። ብሎን ግን ውለታ አለባት። አዲስ ተቀጥራ ኢንኩቤተርን በመጽሐፍ ብቻ በምታውቅበት ጊዜ፣ ሲስተር እጇን ይዛ ባዶው ሣጥን ውስጥ አስገባችላትና «ይሰማሻል? ደህና ሲሆን እንዲህ ነው። ቁጥሩንም እጅሽንም ጠይቂ» አለቻት። ወዲያው ደግሞ «እጅሽን ሳትታጠቢ ነው ያስገባሽው አይደል? በይ አሁን ሣጥኑን አንቺው አጽጂ!» ብላ ጮኸችባት። ብሎን ያን ቀን ተናዳ አጸዳች። ሥራዋን የወደደችው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ሣጥኑ በየጥቂት ሰከንዱ የአየሩን ሙቀት፣ የማሞቂያውን ኃይልና ሌላም ሌላም በሆዱ ይይዛል። ብሎን ሁሉንም ቀድታ አምጥታዋለች። ዋና ሐኪሙ ግን ቀድመው አስጠንቅቀዋታል፤ «የምትወጅውን ቦታ ቆርጠሽ ያመጣሽውን ሥዕል አላይም። ሙሉውን አምጪና ከሙሉው ውስጥ አሳዪኝ።» ትክክል ናቸው፣ ምን ይባላል። ስለዚህ የሚያስፈልጋት ወረቀት ሳይሆን ሕይወት ያለው ግራፍ ነው፤ በመስኮት የሚከፈት፣ በማጉያ ጎተት አድርገው ያችን ጭረት የሚያሰፉት። ያ መስኮት ነው እንቢ ያላት።

ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች። ኮዱ የሚሠራበትን ፕሮግራም፣ ፓይተንን ነቅላ እንደገና ጫነች። ሥዕል የሚሠራውን ክፍል ነቅላ እንደገና ጫነች። መዳፊቱን፣ ማውሱን ማለቴ ነው፣ ሳይቀር ቀየረች፤ መዳፊቱ ምን አደረገ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። በመጨረሻ ስልኳን አነሣችና አማቷ ዘንድ ደወለች።

የባሏ አባት የዚሁ ጥገና ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የልጅ ልጃቸው አሽከር ሆነው ይኖራሉ፤ ደስ ብሏቸው። የክፍሉ ሰው ሁሉ ግራፍ የሚያወጣው እሳቸው በጻፉት ኮድ ነው። አዲስ ሥራ ሲመጣ ማንም ከባዶ አይጀምርም። የአባባን ፋይል ይገለብጣል፣ ስሙን ይቀይራል፣ ታች ታቹን ይነካካል። ላይኛውን ማንም አይነካም፣ ማንም አያነብም። በሥራ ቦታ ያለ ሥርዓት ነው፣ ማን እንደደነገገው የማይታወቅ።

«አባባ፣ እንዴት አደሩ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ይቺ ልጅሽ መነጽሬን ደብቃ ፈልግ ትለኛለች። ያለ መነጽር መነጽር ይፈለጋል?»

«አባባ፣ ግራፉ አልከፍት አለኝ።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም።»

«ምንም የማይል ማሽን የለም፣ ልጄ። የማንሰማው እኛ ነን። ቀይ ጽሑፍ የለም?»

ነበረ። ሁልጊዜም ነበረ። ብሎን ያን ማስጠንቀቂያ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ እያየችው ከመልመዷ የተነሣ፣ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ነበር የምትቆጥረው። አሁን ገና ጎንበስ ብላ አነበበችው።

«የተመረጠው የአሣሣል ዘዴ መስኮት የለውም፣ ማሳየት አይቻልም ይላል መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«ይላል።»

«እንዲህ በይ እንጂ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። በይ የኮዱን የመጀመሪያ መስመር አንብቢልኝ።»

«የትኛውን?»

«የመጀመሪያውን ነዋ! ስንት የመጀመሪያ አለው?»

ወደ ላይ ወጣች። ባታምኑም፣ በዚያ ክፍል ስትሠራ የኖረችው ሰው ያችን መስመር አንድም ቀን አንብባት አታውቅም። «አግ በሚባለው ሣል ይላል» አለች።

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። አባባ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ሕፃኗም ከጎናቸው ሆና ነገሩ ሳይገባት አብራ ሳቀች።

«ኧረ ጉድ! እሱን እስካሁን አላጠፋችሁትም? በእኔ ጊዜ ግራፍ የሚሠራልን ምድር ቤት የተቀመጠ ኮምፒውተር ነበር፤ ስክሪን የሌለው። መስኮት ክፈት ቢሉት በየት በኩል ይክፈት? በግድግዳው? ‹መስኮት የሚባል ነገር አታስብ፣ ዝም ብለህ ሣልና ፋይል ውስጥ አስቀምጥ› ብዬ ነው ያሰርኩት።»

«አባባ፣ ስክሪን ከገዛን እኮ ስንት ዘመናችን!»

«ስክሪኑን ስትገዙ ለኮዱ ማን ነገረው?»

ብሎን መስመሯን አጠፋችና ፓይተንን ዘግታ ከፈተች። ትእዛዙን አስገባች። መስኮት ብቅ አለ! ወንበሯ ላይ ዘለለች፤ ኪሷም አብሮ ዘለለ። ደስታዋ ግን ዕድሜ አልነበረውም። መስኮቱ ነጭ ሆኖ ደርቆ ቀረ፤ ብትነካው አይሰማ፣ ልዝጋህ ብትለው አይዘጋ።

«ተከፈተ ግን ሞተ» አለች፣ ልታለቅስ በቀረበ ድምፅ።

«አልሞተም። ኮዱ መሃል፣ መረጃውን እያነበበ በየተራ በሚያርፍባት ቦታ ላይ ምን ብዬ ነበር? ስሊፕ?»

«ስሊፕ ይላል።»

«አስተኝተሽው ነዋ! ለተኛ ሰው ብታወሪለት ይሰማሻል? ስሊፑን አውጪና የግራፉን የራሱን ፖዝ አስገቢበት። ያኔ እሱም ያርፋል፣ መስኮቱም ቀና ብሎ ያይሻል። ከላይ ደግሞ አዮን የምትል ትእዛዝ ጨምሪ፤ ግራፉ ክፍት እያለ አንቺም መጻፍ ትችያለሽ፣ የጻፍሽው እዚያው ይሣላል።»

እንዳሏት አደረገች። ነጩ መስኮት ነፍስ ዘራ። ላይ የአየሩ ሙቀት፣ ታች የማሞቂያው ኃይል፣ ሁለት መስመር በሁለት ሥዕል ተዘረጋ። ማጉያ መነጽር የመሰለችውን ምልክት ተጫነችና የላይኛውን ጎተት አደረገች። የላይኛው ሰፋ። የታችኛው ንቅንቅ አላለም፤ ሳምንቱን እንዳቀፈ ቁጭ ብሏል።

«ላይና ታቹ ተጣልተዋል፣ አባባ። አንዱን ሳሰፋ ሌላው አይከተልም።»

«አስታርቂያቸዋ። ሁለቱ አንድ ሰዓት እንዲጋሩ ሥዕሎቹን ስትፈጥሪ ንገሪያቸው፤ ሼር የምትል ቃል አለች።»

አለች። አስታረቀቻቸው። አሁን አንዱ ሲሄድ ሌላው ይከተላል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጭረቷን ማስፋት። እዚህ ላይ እጇ ቆመ።

«ምነው ጠፋሽ?» አሉ አባባ።

«አባባ፣ በሩ ቀድሞ ቢገኝስ?»

በስልኩ ውስጥ ሕፃኗ ብቻ ከሩቅ ስታንጎራጉር ትሰማለች።

«ያየሽውን ትናገሪያለሻ። ሌላ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እዚህ አለሁ። አልዘጋም።»

ብሎን ከቴክኒኩ ሁሉ ይልቅ ለዚህች ቃል ነው እስከ ዛሬ የምታመሰግናቸው። ያበጠው ይፈንዳ ብላ መዳፊቱን ጎተተች።

ጭረቷ ተከፈተች። አሁንም ጎተተች፤ ይበልጥ ተከፈተች። መጀመሪያ ታች፣ የማሞቂያው ኃይል ድንገት ዜሮ ገባ። ብልጭ አለ፣ እንደገና ዜሮ። ላይ ሙቀቱ ገና ምንም አልሆነም፣ ቀጥ እንዳለ ነው። ከዚያ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። በደንብ ከወረደ በኋላ ነው፣ እዚያ ወዲያ ማዶ፣ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ዘጭ ያለው። ዘጭ ያለበት ነው በሩ የተከፈተው። ብርዱ ቀድሞታል! ኧረ በስንት ቀድሞታል!

«አባባ! አባባ! ማሞቂያው ነው የሞተው! ሲስተር እውነቷን ነው!» አለችና አለቀሰች። አባባም «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ልጄ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» እያሉ ከማዶ አፍንጫቸውን ተናፈጡ። «ዕድሜ ይስጥዎ» አለቻቸው፤ ለእሳቸው የሚሆን ከዚህ የተሻለ ቃል ብትፈልግ አጣች።

ሮጣ ሄዳ ኢንኩቤተሩን ከኋላ ፈታችው። የማሞቂያው ሽቦ መጋጠሚያ ጠቁሯል፤ አንዳንዴ ይነካል፣ አንዳንዴ አይነካም። ሲፈትሹት ነክቶ ነበር፤ ስለዚህ ደህና ነው አሉ። በዚያ ማለዳ አልነካም፤ በቃ።

የስብሰባው ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛና የማይዘጋ መስኮት። በአንድ በኩል ዋና ሐኪሙ ወረቀታቸውን ይዘው፣ በወዲያ በኩል የልጁ እናት ልጇን ታቅፋ፣ ጥግ ላይ ሲስተር ያለ ጋዋኗ። ብሎን ሲስተርን ያለ ጋዋን አይታት አታውቅም ነበር፤ ያነሰች መሰለቻት።

«ይኸው ሙሉው ሳምንት፣ ዶክተር» ብላ ላፕቶፑን ወደሳቸው አዞረች። «እኔ አልነካውም። እርስዎ ራስዎ ያስፉት።»

ዋና ሐኪሙ መዳፊቱን እንደማያውቁት ሕፃን እጅ በጥንቃቄ ያዙት። ጎተቱ፤ ባዶ ቦታ አሰፉና ሁሉም ነገር ጠፋ። «አበላሸሁት?» አሉ ደንግጠው።

«ምንም አልሆነም፣ ዶክተር። ቤት የመሰለችውን ምልክት ይጫኑ፣ ወደ መጀመሪያው ይመልስዎታል።»

ተጫኑ፤ ሳምንቱ ተመለሰ። ቀጥሎ ትክክለኛውን ቦታ ያዙ። አሰፉ፣ አሁንም አሰፉ። ደግመው ቤቷን ተጫኑና አሁንም ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሰውየው ላለማመን የቻሉትን ያህል ሞከሩ፤ በዚህም ብሎን አከበረቻቸው። በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማሞቂያው ነው የቀደመው» አሉ። ወደ ጥጉ ዞሩ። «ሲስተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ነገ ጋዋንሽን ለብሰሽ እንድትመጪ እለምንሻለሁ።»

ሲስተር አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ነገሩ አለቀ ተብሎ ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደኋላ ሲገፋ፣ እስከዚያ ያልተናገረችው እናት አፏን ከፈተች።

«ይኼ የሣጥኑ ነው» አለች ስክሪኑን እያመለከተች። «የልጄስ? የልጄ ሙቀት የቱ ነው?»

ብሎን ደነገጠች። ልጁ ቆዳ ላይ በምትለጠፍ ሽቦ የተወሰደ ቁጥር አለ፤ ፋይሉ ውስጥ ሦስተኛው አምድ። የአባባ ኮድ ግን ሁለት ነው የሚሥለው፤ ሦስተኛውን ማንም ሥሎት አያውቅም፣ እሷም አላየችውም። ምን እንደሚያሳይ አታውቅም። ልጁ በርዶ በርዶ ከቀረስ? አሁን ገና የዳነችው ሴት እዚሁ ፊታቸው እንደገና ብትወድቅስ? ሲስተርን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ሲስተር መሬት መሬቱን ታያለች።

«አሳዪያት» የሚላት አልነበረም፤ አታሳዪ የሚልም አልነበረም። እናት ናት የጠየቀችው። ብሎን ላፕቶፑን ሳብ አደረገችና የግራፉ መስኮት ክፍት እንዳለ አንዲት መስመር ጻፈች።

ሰማያዊ መስመር እዚያው ፊታቸው ተሣለ። ልጁ ከሣጥኑ ጋር አብሮ መውረድ ጀምሮ ነበር። ትንሽ ወረደ፣ አሁንም ትንሽ። ሣጥኑ ዘጭ ያለበት ቦታ ሲደርስ ግን የልጁ መስመር ዞረ። ሣጥኑ ወደታች ሲሄድ ልጁ ወደላይ ወጣ። ወጣ፣ ወጣ፣ መሆን ያለበት ቦታ ደርሶ ቀጥ አለ፤ ሣጥኑ ከበታቹ በባዶው ሲበርድ እሱ እዚያው እንደሞቀ ቆየ።

ሁሉም ወደ ሲስተር ዞሩ።

«የት አድርገሽው ነበር?» አሉ ዋና ሐኪሙ።

«ደረቴ ላይ» አለች ሲስተር። «ሽቦውን ሳልነቅል፣ ሌላው ሣጥን እስኪሞቅ።»

«ታዲያ ይኼን ለምን አልተናገርሽም?»

«አወጣሁት ብያለሁ። ካወጣሁት በኋላ ወዴት ላድርገው ነበር? ጠረጴዛ ላይ?»

እናትየዋ መስመሩን በጣቷ ተከተለችው፤ ከዞረበት እስከ መጨረሻው። ከዚያ «እኔ ነኝ እኮ የከሰስኩሽ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

«ደግ አደረግሽ። ለልጇ የማትጮህ እናት ምን ትሠራለች?» አለች ሲስተር፤ አሁንም ቆጣ ብላ።

እናትየዋ ወደ ብሎን ዞረች። «ይኼን ሥዕል ልትሰጪኝ ትችያለሽ? ሲያድግ ላሳየው። ግን ምን እንደሆነ እንዲያውቅ ከላዩ ጻፊበት።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እዚህ ጋ ሲስተር ታቅፋህ ነበር ብለሽ።»

ብሎን ጻፈች። ኮምፒውተሩ ፊደሉን አላውቅም ብሎ በግራፉ አናት ላይ ባዶ ባዶ ሣጥን ደረደረ። እናትየዋ በእንባዋ መሃል ሳቀች፤ ዋና ሐኪሙም ሳቁ። ብሎን ግን ምንም አልደነገጠችም። ፊደላችንን የሚያውቅ የጽሑፍ ዓይነት ስሙን ጠርታ ነገረችውና ደግማ አስገባች። ሣጥኖቹ አንድ ባንድ ፊደል ሆኑ፤ ዐረፍተ ነገሩ ጥርት ብሎ ወጣ።

ሲስተር ከጥጉ ተነሥታ መጥታ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ፊቷን ወደማይዘጋው መስኮት አዞረች።

«አንቺ ብሎን» አለች። «ያንን ሣጥን ፈትተሽ ትተሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሕፃን ይጠብቃል እኮ።»

«እሺ ሲስተር» አለች ብሎን፣ ሥዕሉን ለእናትየዋ ፋይል ውስጥ እያስቀመጠች። «አሁኑኑ እሄዳለሁ።»